የባላባት ሹመትና የጎረቤት ውል፤ ስለ ተዘዋዋሪ አገዛዝ ከቡልቡላ ሜዳ አንጻር የቀረበ ትችት

በአፍሪቃ ታሪክ ጥናት ውስጥ «ተዘዋዋሪ አገዛዝ» የሚባለው አሳብ ብዙ ጊዜ የሚመረመረው ከላይ ወደ ታች ነው። ገዢው በአገሬው ሹም በኩል ግብሩን እንዴት እንደ ሰበሰበ፥ ዳኝነቱን እንዴት እንዳካሄደ፥ ሹሙም ከወገኑ ይልቅ ለሾመው እንዴት እንዳደረ ይተረካል። ይህ አተራረክ እውነትነት ቢኖረውም ጎደሎ ነው። አንድ ሹም ከላይ በተሾመ ጊዜ እርሱና የገዛ ወገኑ ያላቸው ግንኙነት እንደሚለወጥ ሁሉ፥ ያ ወገን ከጎረቤቱ ጋራ ያለው ግንኙነትም ይለወጣል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሁለተኛውን ለውጥ መመርመር ነው። ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው በመጀመሪያ አሳቡ ዝነኛ ከሆነበት ከናይጄሪያ የዮሩባ ምድር፥ ቀጥሎም ከአገራችን ከጅማና በዝዋይና በአቢጃታ ሐይቆች መካከል ካለው ከቡልቡላ ሜዳ ይሆናል። ስለ አገራችን ነገር ያለ ምልክት የተጻፉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ጥያቄው በእኛ በተማሪዎች መካከል ሲነሣ ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው ወገን «ኢትዮጵያ በቅኝ ግዛት ስላልተያዘች ነገሩ አይመለከተንም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የደቡቡ አገር የተገዛው እንግሊዞች ናይጄሪያን በገዙበት መንገድ ነውና ባላባቱ ማለት የእንግሊዙ ሹም ማለት ነው» ሲል ይመልሳል። የመጀመሪያው መልስ ምርመራውን ገና ሳይጀመር ይዘጋዋል። ሁለተኛው በር ይከፍታል፤ ነገር ግን የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ጠርቶ ያልፋል። ሁለቱም ዐይናቸውን የሚጥሉት በገዢው ላይ ስለሆነ፥ በተገዢዎቹ መካከል የሆነው ነገር ከሁለቱም ያመልጣል።

እስቲ በዮሩባ እንጀምር። ዮሩባዎች በቋንቋና በትውልድ ተረክ የሚገናኙ ቢሆኑም በብዙ የከተማ መንግሥታት ተከፍለው ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ዋናው የነበረው የኦዮ መንግሥት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እኩሌታ ወደቀ፤ ጦረኞችና ስደተኞች የተሰበሰቡባት ኢባዳንም በክንዷ ገናና ሆነች። ኢባዳን ከኤኪቲና ከኢጄሻ ሕዝቦች ጋራ ከ1877 እስከ 1893 እ.ኤ.አ. ያደረገችው ጦርነት፥ ማን የማን የበላይ እንደሆነ በዚያ አገር ገና ያልተቆረጠ ጥያቄ እንደ ነበረ ያሳያል። ጥያቄው በጦር ይነሣል፥ በእርቅ ይተኛል፥ በጋብቻና በንግድ ይለዝባል፥ ደግሞም ይነሣል። ይህ ሁኔታ ደም ያፈሰሰ መሆኑን መካድ አይገባም፤ ሆኖም ለማንም ወገን በሩን ለዘለዓለም የዘጋ አልነበረም።

እንግሊዞች ይህን ጥያቄ በብዕር ቆረጡት። ሉጋርድ በ1914 እ.ኤ.አ. ሰሜንና ደቡብ ናይጄሪያን ካዋሐደ በኋላ ከሰሜን ኤሚሮች ጋራ የሠራበትን ሥርዓት ወደ ደቡብ አመጣ። ከ1914 እስከ 1931 እ.ኤ.አ. የኦዮ ሬዚደንት የነበረው ካፒቴን ሮስ አላፊን ላዲግቦሉን በግዛቱ ሁሉ ላይ የበላይ አድርጎ አጸና፤ የኢባዳንም ሹማምንት ከኦዮ ሥር እንዲሆኑ ተደረገ። በጦር ሜዳ ኦዮን ትጠብቅ የነበረችው ከተማ በመዝገብ የኦዮ ታዛዥ ሆነች። በ1916 እ.ኤ.አ. በኢሴይንና በኦኬሆ ዐመፅ ተነሥቶ በጦር ኀይል ተደመሰሰ። ኢባዳን ከኦዮ ሥር የወጣችው በ1934 እ.ኤ.አ. ነው። ናይጄሪያዊው የታሪክ ሊቅ አታንዳ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዘመን «አዲሱ የኦዮ ግዛት» ብሎ መሰየሙ ነገሩን በሚገባ ይገልጸዋል፤ የድሮው ኦዮ ቀጠለ በተባለበት ስፍራ የተሠራው አዲስ ነገር ነበርና።

የኢፌና የሞዳኬኬ ነገርም ከዚሁ ጋራ ሊታይ ይገባል። ከኦዮ ውድቀት በኋላ ተሰድደው ከኢፌ አጠገብ የሰፈሩት የሞዳኬኬ ሰዎች በ1909 እ.ኤ.አ. ከሰፈራቸው እንዲነሡ ተደርገው ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመለሱ። ባለመሬትና እንግዳ የመሆን ነገር፥ ከእርሱም ጋራ ለባለመሬቱ የሚከፈለው «ኢሻኮሌ» የሚባለው የመሬት ግብር፥ ካካዎ ገንዘብ ማስገኘት ከጀመረ በኋላ እየከረረ ሄደ። እንግሊዝ ከሄደ ከብዙ ዓመት በኋላ በ1981፥ ዳግመኛም ከ1997 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. በሁለቱ ጎረቤታሞች መካከል ብዙ ደም ፈሰሰ። ጠቡን እንግሊዝ ፈጠረው ማለት አይቻልም፤ የተጀመረው ከእርሱ በፊት ነው። የቅኝ አስተዳደር ሥራ፥ ሊለዋወጥ ይችል የነበረውን የሁለት ሕዝብ ግንኙነት በደረጃና በመዝገብ ማጽናት ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። በ1937 እ.ኤ.አ. ስለ ናይጄሪያ የአገሬው አስተዳደር ሰፊ መጽሐፍ ያወጣችው ማርጀሪ ፐርሃም፥ በ1948 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ መንግሥት የጻፈችው ያችው ናት። የሉጋርድን የሕይወት ታሪክ የጻፈችም እርስዋ ናት። ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን የማየት ልማድ እንግዲህ የዛሬ አይደለም። ነገር ግን የአስተዳደር ሊቅ የምትጠይቀው ዋና ጥያቄ «መንግሥቱ ሕዝቡን እንዴት ያስተዳድራል?» የሚል ነው፤ «ሕዝቦቹ እርስ በርሳቸው ምን ሆኑ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ኋላ ይቀራል። ማህሙድ ማምዳኒ በ1996 እ.ኤ.አ. ስለ ዜጋና ስለ ተገዢ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ተዘዋዋሪ አገዛዝ ተገዢውን በየነገዱ ከፍሎ በየሹሙ ሥር እንዳኖረው በማስረዳቱ ከፐርሃም አንድ እርምጃ ይቀድማል። ሆኖም እርሱ የሚገልጸው ሹም ሕግ ማውጣትን፥ መፍረድንና ማስፈጸምን በአንድ እጁ የጨበጠ ሹም ነው። ይህን መልክ ወስዶ በአርሲ ባላባት ላይ መለጠፍ እንደማይቻል ከዚህ በታች እናሳያለን።

በኢትዮጵያ ውስጥ የእንግሊዙን ሥርዓት በይበልጥ የሚመስለው የጅማ ነው። አባ ጅፋር ዳግማዊ በ1870ዎቹ ለምኒልክ ገብረው መንግሥታቸውን ሳያጡ ቀሩ፤ ጅማም እስከ 1924 ድረስ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ቆየች። ነገር ግን ይህ ነጻነት ለጎረቤቶቹ ምን ማለት ነበር? ሌሎቹ የጊቤ መንግሥታት ነገሥታታቸውን ሲያጡ ጅማ ጸንታ ቀረች፤ በ1887 በወላይታ፥ በ1889 በከፋ ላይ በተደረጉት ዘመቻዎችም የጅማ ጦር ከምኒልክ ጦር ጋራ ተሰልፎ ነበር። ጅማ ራስዋን ያዳነችበት መንገድ ከጎረቤቶችዋ ጋራ ያላትን ሚዛን ወደ ራስዋ ያዘነበለ መንገድ ሆነ። ኦዮ በኢባዳን ላይ ከፍ ያለችው በእንግሊዝ ክንድ እንደሆነ ሁሉ፥ ጅማም በጎረቤቶችዋ ላይ የጸናችው በሸዋ ክንድ ነው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

ቡልቡላ ግን ሌላ ነው። አካባቢው የአርሲ ኦሮሞ የከብት አገር ነው፤ በስሙ የሚጠራው ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ተነሥቶ ሜዳውን አቋርጦ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። በበጋ ከብት የሚነዳው ወደ ወንዙና ወደ ሐይቆቹ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ስፍራ «ጎረቤት» ማለት አጥር የሚለየው ሰው ብቻ ሳይሆን በተራው ውኃ የሚያጠጣ ጭምር ነው። የአርሲ ሕዝብ በሲኮና በመንዶ፥ ከዚያም በብዙ ጎሣዎች ይከፈላል፤ ጎሣዎቹ የሚገናኙትም በጋብቻ፥ በከብት አደራ፥ በሽማግሌዎች ጉባኤና ደም በሚያደርቀው በጉማ ሥርዓት ነበር። ጠብ ሲነሣ ሴቶች የሲንቄ በትራቸውን ይዘው በመካከል ይቆማሉ። በሐይቁ ደሴቶች ላይ ደግሞ በቋንቋና በሃይማኖት የሚለዩት ዛዮች ይኖሩ ነበር፤ በዳር ካለው ኦሮሞ ጋራ ይገበያያሉ፥ ይጣላሉም። ያ ዘመን የሰላም ዘመን ብቻ ነበር ብሎ መጻፍ ራስን ማታለል ይሆናል፤ የከብት ዘረፋውም የደም ብቀላውም ነበረ። ቁም ነገሩ ግን ጠቡም እርቁም በጎረቤታሞቹ እጅ መሆኑ ነው።

ከ1874 እስከ 1878 ድረስ በተደረገው ዘመቻ አርሲ በምኒልክ ጦር ተሸነፈ፤ ራስ ዳርጌም ገዢው ሆኑ። በአኖሌ ስለ ተፈጸመው የእጅና የጡት ቆረጣ የሚነገረው ትዝታ በ2006 በተሠራው ሐውልት ታስቧል። ከድል በኋላ የተዘረጋው ሥርዓት በየጎሣው ባላባት ሾመ፤ ከሥሩም ቆሮና ጭቃ ሹም ነበሩ። ከመሬቱ ለባላባቱ ሲሶ እንዲቀርለት ሲወሰን፥ የቀረው ለመንግሥት፥ ለነፍጠኛውና ለቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከእንግሊዙ ሥርዓት የሚለይበት ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። አላፊኑ የራሱ ግምጃ ቤትና የራሱ ፍርድ ቤት ነበረው፤ የዮሩባ መሬትም በአብዛኛው በዮሩባ እጅ ቀረ። የአርሲ ባላባት ግን ከመልከኛውና ከነፍጠኛው በታች የቆመ ነው፤ ግብር ያስገባል፥ ትእዛዝ ያሰማል፥ ገባሩን ያቀርባል፥ ከባዱን ዳኝነት ግን ሌላ ያየዋል። ኀይሉ የመነጨው ከሲሶው መሬትና ወደ ገዢው ግቢ ከመግባት ፈቃድ ነው። ስለዚህ እርሱን «የእንግሊዙ ሹም» ማለት ያልነበረውን ሥልጣን መስጠት ነው፤ በዚያውም የመሬቱን መወሰድ ያስረሳል። ጅማ በተዘዋዋሪ ተገዛች ማለት ይቻላል። አርሲ የተገዛው በቀጥታ ነው፥ በባላባት እጅ ግን ተቆጠረ።

እንዲህም ሆኖ፥ ሥልጣኑ ትንሽ የነበረው ባላባት በጎረቤታሞች መካከል ያመጣው ለውጥ ትንሽ አልነበረም። ለውጡን በሦስት ከፍለን እንመልከት።

አንደኛ፥ የሚዞረው ሥልጣን የሚወረስ ሆነ። በገዳ ሕግ ሹመት በየ8 ዓመቱ ይዛወራል፤ የጎሣ ሽማግሌም የሚሰማው በአንደበቱና በፍርዱ ነው። ባላባትነት ግን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ቀድሞ የገባ ወይም ገዢው ያወቀው ሰው ለዘለቄታው የጎሣው አፍ ሆነ፤ ባላባት ያልወጣለት ትንሽ ጎሣ ደግሞ በሌላው ጎሣ ባላባት ስም ተቆጠረ። በከብትና በጋብቻ እኩል የነበሩ ጎረቤታሞች በዚህ ሁኔታ በላይና በታች ሆኑ። ካፒቴን ሮስ በኦዮና በኢባዳን ላይ በትልቁ ያደረገው በዚህ በትንሹ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛ፥ የሚጋሩት ስፍራ የሚከለል ሆነ። ቃላድ የተጣለበት መሬት ጌታ አለው፤ ሲሶውም የባላባቱ ስለሆነ የገዛ ወገኑ በላዩ ጢሰኛ እስከ መሆን ደረሰ። ባላባቱ የሸጠው መሬት በማያውቁት ባለርስት እጅ ሲወድቅ፥ ከብት ይነዳበት የነበረው መንገድ ይዘጋል። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 130ኛው አንቀጽ የግጦሽ መሬትን፥ ወንዞችንና ሐይቆችን የመንግሥት ንብረት ብሎ ሲደነግግ ነገሩ ወደ ፍጻሜው ደረሰ። የቡልቡላ ወንዝና ሜዳው በሕግ ዐይን የጎረቤታሞች ውል የሚገዛቸው መሆናቸው ቀረ።

ሦስተኛ፥ የአስተዳደር ድንበር ዘመድን ከዘመድ ለየ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 በወጣው የአስተዳደር ደንብ አገሩ በጠቅላይ ግዛት፥ በአውራጃና በወረዳ ተከፈለ። የቡልቡላ አርሲ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሲቆጠር፥ ከሐይቁ ባሻገር ያለው ዘመዱ በአርሲ ጠቅላይ ግዛት ተቆጠረ። ይህ መለያየት መልኩን ለውጦ ዛሬም አለ፤ ቡልቡላ በምሥራቅ ሸዋ ዞን፥ ጎረቤቱ አርሲ ነገሌ በምዕራብ አርሲ ዞን ነው። ከአንድ ወንዝ የሚጠጡ ሰዎች ስለ ወንዙ ሲነጋገሩ በሁለት ዞን ጽሕፈት ቤት በኩል ያልፋሉ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ጣሊያን ገባር መሆንን ሽሮ፥ ከመኳንንቱ ጋራ ሥልጣን መካፈልን ከልክሎ ነበር፤ ደርግም በ1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ባላባትነትን ከነሥሩ ነቀለው፤ ታዲያ የሞተ ሥርዓት ዛሬ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። በጣሊያን ብንጀምር፥ መኳንንቱን መናቁ ሕዝቦችን ከመለያየት አላገደውም፤ በ1928 ምሥራቅ አፍሪቃን በአምስት ግዛቶች ሲከፍል ነገድንና ሃይማኖትን ለፖለቲካው መሣሪያ አድርጓል። የ1967ቱ ዐዋጅ በበኩሉ ለጢሰኛው ታላቅ ነጻነት መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን በባላባቱ ፈንታ የመጣው የገበሬ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ፥ ማለት 800 ሄክታር፥ በሚሆን ክልል የተቋቋመ ነው። ከብቱን ተከትሎ ከወንዝ ወደ ሜዳ፥ ከሜዳ ወደ ሐይቅ ለሚሄድ ሕዝብ ይህ ክልል አዲስ አጥር ሆነበት። ባላባቱ ሄደ፤ ጎረቤትን በመንግሥት በኩል የማናገር ልማድ ግን አልሄደም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ይኸውም «ጉማው፥ ሽምግልናው፥ ሲንቄው ዛሬም አሉ፤ ስለዚህ የጎረቤት ውል ፈረሰ ማለት ማጋነን ነው» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ እውነት አለው። የገዳ ሥርዓት በ2009 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሕያው ሥርዓት ሆኖ ነው። የሰው ደም በፈሰሰ ጊዜ የመንግሥት ፍርድ ቤት ቅጣቱን ከወሰነ በኋላ ሁለቱን ቤተ ሰብ የሚያስታርቁት እስከ ዛሬ ሽማግሎች ናቸው። እኛም የምንለው ውሉ ወሰኑ ጠበበ ነው፤ ስለ ደም መነጋገር ይቻላል፥ ስለ መሬትና ስለ ውኃ ግን ሽማግሌው የመወሰን ሥልጣን የለውም። ከባዱ ነገር በእጁ ሳይኖር ቀላሉን እንዲያስታርቅ የቀረ ሽማግሌ ክብሩ እንዳለ ቢሆንም ሥራው ጎድሏል።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየን ራሱ ወንዙ ነው። በዝዋይ ዙሪያ ለመስኖና ለአበባ እርሻ የሚሳበው ውኃ እየበዛ በመሄዱ ወደ ቡልቡላ የሚወርደው ቀንሷል፤ አቢጃታም ከድሮ ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል። የላይኛውና የታችኛው ጠጪ በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚወስኑበት ጉባኤ የላቸውም፤ እያንዳንዱ ወደየጽሕፈት ቤቱ አቤት ይላል። አቤቱታ ደግሞ ወደ ላይ የሚሄድ ነገር ነው፥ ወደ ጎን አይሄድም። እንዲህ ባለ ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያየው እንደ ተሟጋች ነው፤ ነገሩ ከከረረም እንደ ባዕድ። የሞዳኬኬና የኢፌ ታሪክ የሚያስተምረን፥ በመዝገብ የጸና ልዩነት መዝገቡን ከጻፈው መንግሥት ይልቅ ረጅም ዕድሜ እንዳለው ነው።

ስለዚህ በሁለቱ መልሶች ላይ ያለን ትችት ይህ ነው። «አልተገዛንም» የሚለው ወገን የአገር ነጻነትን ከአካባቢ ነጻነት ጋራ አንድ አድርጎ ይቆጥራል፤ አገር ነጻ ሆኖ ሳለ ጎረቤታሞች ስለ ውኃቸው የመወሰን ሥልጣን ሊያጡ እንደሚችሉ አያይም። «እንደ እንግሊዝ ቅኝ ተገዛን» የሚለው ወገን ደግሞ ጅማንና አርሲን፥ አላፊንንና ባላባትን በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል፤ በደሉን ከላይ ብቻ ስለሚፈልግም በጎን የደረሰውን ጉዳት ሳይቈጥር ይቀራል። ከላይ ለወረደው በደል ሐውልት ቆሞለታል፤ በጎሣና በጎሣ፥ በዳሩ ኦሮሞና በደሴቱ ዛይ መካከል ስለ ተበጠሰው ውል ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

ከእኛ ከተማሪዎች የሚጠበቀው ሥራ ከዚህ ይጀምራል። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ሽማግሎችን የምንጠይቀው «ባላባቱ ማን ነበር? ከእርሱ በፊትስ ማን?» እያልን ነው፤ መልሱም የሹማምንት ዝርዝር ሆኖ ይመለሳል። ከዚህ ጋራ «ከማን ጋራ በአንድ ስፍራ ታጠጡ ነበር? ከማን ጋራ ትጋቡ ነበር? ጠብ ሲነሣ የት ትቀመጡ ነበር? ይህስ መቼና በምን ምክንያት ቀረ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን የሚያውቁት በባላባቱ ዘመን ያደጉ አዛውንቶች ናቸው፤ ባላባትነት ከተሻረ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ስለሆነ ቁጥራቸው በየዓመቱ ያንሳል። የሹማምንቱን ስም ከመንግሥት መዝገብ ማግኘት ይቻላል፤ የጎረቤታሞችን ውል ግን ከእነዚህ ሰዎች አፍ በቀር የጻፈው የለም።